ስድስት ድምፅ በአራት ክር

ዩኩሌሌ የገዛሁት በስንፍና ነው። ጊታር ስድስት ክር አለው፣ ዩኩሌሌ አራት ብቻ። ሁለት ክር ከቀነሰ የመማሪያውንም ጊዜ በሲሶ ይቀንስልኛል ብዬ አሰላሁ። መጀመሪያ ላይ ስሌቴ የሠራ መሰለ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ኮርድ ያዝኩ፣ በማግስቱ የእህቴ ልጅ ልደት ላይ አጃቢ ሆንኩ። ሰኞ ቢሮ ይዤው ስገባ ግን አንድ ባልደረባዬ “ለልጅ የገዛኸው ነው?” አለኝ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጃዝ ለመሞከር ተነሣሁና እዚያው ቆምኩ። ወረቀቱ ላይ “ጂ ሰርቲን” የሚባል ኮርድ አለ። ድምፆቹን ስቆጥር ስድስት ናቸው፦ ጂ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ኢ። እጄ ላይ ያሉት ክሮች አራት ናቸው። ስለዚህ ሁለት ድምፅ መቅረት አለበት። እኔ “ጂ እንኳን አትቀርም፣ የኮርዱ ስም እኮ ናት” ብዬ ነበር። የጃዝ ተጫዋቾች ግን መጀመሪያ የሚያስወጡት እሷኑ ነው። ለኮርዱ ስሟን የሰጠችው ድምፅ ራሷ ኮርዱ ውስጥ የለችም።

ይኼ እንዴት ይሆናል ብዬ መፈለግ ስጀምር ነገሩ ከጣት አቀማመጥ አልፎ ታሪክ ውስጥ ከተተኝ። ታሪኩ ውስጥ የሸንኮራ አገዳ እርሻ አለ፣ የተገለበጠ ንጉሣዊ መንግሥት አለ፣ የፕላስቲክ መጫወቻ አለ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ስሙ ሳይጠራ በዓለም ታዋቂ ዘፈኖች ውስጥ ሲሰማ የኖረ አንድ ሰው አለ።

ዩኩሌሌ የሃዋይ መሣሪያ ነው እንላለን፣ ልክ ነው። ግን የመጣው በመርከብ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1879 ሬቨንስክራግ የምትባል መርከብ ከፖርቱጋሏ የማዴይራ ደሴት ተነሥታ፣ አራት ወር ገደማ ባሕር ላይ ቆይታ ሆኖሉሉ ገባች። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የጫነቻቸው ከ400 በላይ ሰዎች አብዛኞቹ በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ በኮንትራት ሊሠሩ የመጡ ነበሩ። ከመካከላቸው ሦስት እንጨት ሠሪዎች አሉ፦ ማኑኤል ኑኔስ፣ አውጉስቶ ዲያስ እና ዦዜ ዶ ኤስፒሪቶ ሳንቶ። ኮንትራታቸውን ከጨረሱ በኋላ ከተማ ገብተው የቤት ዕቃና የሙዚቃ መሣሪያ መሥራት ጀመሩ። የሠሩትም ከአገራቸው በሚያውቁት መልክ፣ በሃዋይ ኮአ እንጨት ነው።

ከማዴይራ የመጡት ትንንሽ መሣሪያዎች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንዱ ማሼቴ ይባላል፣ አራት ክር አለው። ሌላው ራዣው ነው፣ አምስት ክር አለው። ዩኩሌሌ መጠኑን ከማሼቴ ወሰደ፣ ቅኝቱን ግን ከራዣው። የራዣው ክሮች ዲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ናቸው። ዲን ብታስቀሩ የሚተርፈው ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ነው፤ ዛሬ በየሙዚቃ መሣሪያ መሸጫው የምታገኙት የዩኩሌሌ ቅኝት ማለት ነው። እንግዲህ መሣሪያው ሲወለድ ጀምሮ አንድ ነገር ትቶ ነው የተወለደው።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ጆሮ ሳይነቃ አይቀርም። አምስቱን የራዣው ድምፆች ከሲ ጀምራችሁ በተርታ አስቀምጧቸው፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ትዝታ ሜጀር ነው! ማዴይራና ሃዋይ ከትዝታ ጋር በታሪክ አይገናኙም፣ የአምስት ድምፅ ቅኝት ዓለም ላይ ብዙ ቦታ ያለ ነገር ነው። ግን እኔ ዩኩሌሌን መጀመሪያ በባዶ ክሩ ስመታው ለምን እንደማውቀው ሆኖ እንደተሰማኝ የገባኝ ይኼን ሳይ ነው። አንድ ድምፅ የጎደለው ትዝታ እየመታሁ ነበር።

በሃዋይ መሣሪያው ወዳጅ ያገኘው ከላይ ነው። ንጉሥ ካላካዋ (ከ1874 እስከ 1891 የነገሠው) ሚሲዮናውያን ሲያወግዙት የኖሩትን የሁላ ውዝዋዜ ወደ ቤተ መንግሥት የመለሰ ሰው ነው። ዩኩሌሌንም ከሁላው ጋር አሰለፈው፣ ራሱም ይጫወት ነበር። የስደተኛ ሠራተኞች መሣሪያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገር መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። ግን አገሩ ራሱ ብዙ አልቆየም። በ1893 የእርሻና የንግድ ባለሀብቶች፣ ከመርከብ በወረዱ የአሜሪካ ወታደሮች ድጋፍ፣ የካላካዋን እህት ንግሥት ሊሊዑኦካላኒን ገለበጡ። በ1898 ሃዋይ ወደ አሜሪካ ተጠቃለለች።

መንግሥቱ ከጠፋ በኋላ ዩኩሌሌው በጣም ታዋቂ ሆነ። በ1915 በሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደው ትልቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ሃዋይ የራሷ ድንኳን ነበራት፤ ኤግዚቢሽኑ ከ18 ሚሊዮን በላይ ጉብኝት ተመዝግቦበታል። ዓላማው ቱሪስት መሳብ ነበር። ሕዝቡ ግን ሙዚቃውን ወዶ ወደ ቤቱ ሄደ፤ በሚቀጥሉት ዓመታት አሜሪካ በዩኩሌሌ ተጥለቀለቀች። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ተማሪ በብብቱ ይዞት ይዞራል። የአንድ አገር ሐዘን ላይ የተነሣ ሙዚቃ ለሌላ አገር የመዝናኛ ፋሽን ሆነ። “መጫወቻ” የሚለው ስም የተለጠፈበትም በዚህ ዘመን ነው።

ግን 1920ዎቹ ውስጥ ማንም ብዙ ያላስተዋለው ነገር ተከሰተ። በዚያ ዘመን ዘፈን የሚሸጠው በሸክላ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ነበር፤ ሰው ኖታውን ገዝቶ ቤቱ ይጫወታል። ሜይ ሲንጊ ብሪን የምትባል የኒውዮርክ ዩኩሌሌ ተጫዋች አሳታሚዎቹ ከኖታው በላይ የዩኩሌሌ ኮርድ ሥዕል እንዲያትሙ አሳመነች። ትንሽ ፍርግርግ፣ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጥቁር ነጥብ። ኖታ ማንበብ የማይችል ሰው ነጥቦቹን ተከትሎ ይጫወታል። ብሪን የሙዚቀኞች ማኅበርንም ዩኩሌሌን እንደ ሙዚቃ መሣሪያ እንዲቀበል ተሟግታለች፤ እስቲ አስቡት፣ አገሩ ሁሉ የሚጫወተው ነገር መሣሪያ መሆኑን ማስረዳት ነበረባት።

እነዚያ ዘፈኖች ደግሞ ተራ ዘፈኖች አልነበሩም። የ1920ዎቹ የብሮድዌይና የፊልም ዘፈኖች ናቸው፤ የጃዝ ሙዚቀኞች እስከ ዛሬ “ስታንዳርድ” እያሉ የሚጫወቷቸው ብዙዎቹ የወጡት ከዚያው ክምር ነው። ስለዚህ ጃዝና ዩኩሌሌ የሩቅ ዘመዶች አይደሉም፣ አንድ ወረቀት ላይ ነው ያደጉት። “ዩኩሌሌ አይክ” በሚል ስም የሚታወቀው ክሊፍ ኤድዋርድስ በዚያ ዘመን ዩኩሌሌውን እየመታ፣ ቃል በሌለው ድምፅ እንደ ጡሩምባ እያዜመ ይቀዳ ነበር። በኋላ በ1940 የዲዝኒው ፒኖኪዮ ፊልም ውስጥ የፌንጣውን ድምፅ የሆነው እሱ ነው።

ከዚያ ጊታር መጣና ዩኩሌሌው ወደ ሳጥን ተመለሰ። እንደገና የወጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። አርተር ጎድፍሪ የሚባል ታዋቂ የቴሌቪዥን አቅራቢ ዩኩሌሌ ይዞ ብቅ አለ፣ ማሪዮ ማካፌሪ ደግሞ ከፕላስቲክ እያመረተ በሚሊዮን የሚቆጠር ሸጠ። ይኼ ማካፌሪ ማን መሰላችሁ? በ1930ዎቹ መጀመሪያ ፓሪስ ውስጥ ለሰልመር ኩባንያ ጊታር የነደፈው ሰው ነው፤ ጃንጎ ሬይናርት የአውሮፓን ጃዝ የቀየረበትን ጊታር። ጃንጎ በ1928 በእሳት አደጋ ግራ እጁ ተጎድቶ፣ ዜማውን በአብዛኛው በሁለት ጣት ነበር የሚጫወተው። አንድ ሰው ለጃዝ ታላቅ ጊታር ነደፈ፣ ያው ሰው ልጆች የሚወረውሩትን ፕላስቲክ ዩኩሌሌ ሠራ። በሁለቱ መካከል ድንበር ያሰመርነው እኛ ነን።

አሁን ላይል ሪትዝ ይግባ። ሪትዝ በ1930 የተወለደ አሜሪካዊ ነው። ወጣት ሳለ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ ዩኩሌሌ ገበያው በጦፈበት ጊዜ ደንበኛ ሲመጣ መትቶ ማሳየት ሥራው ሆነ። እያሳየ ተማረ። ከዚያ ለውትድርና ተጠራ፣ በሠራዊቱ ባንድ ውስጥ ቱባ ነፋ፣ ቤዝም እዚያው ለመደ። አንድ ቀን ወደ ድሮ መደብሩ ጎራ ብሎ ሲጫወት ታዋቂው የጃዝ ጊታሪስት ባርኒ ኬስል ሰማው። ኬስል ቨርቭ ለሚባለው የሸክላ ኩባንያ ይሠራ ነበር። በ1957፣ ሪትዝ ገና 27 ዓመቱ ሳለ፣ “ሀው አባውት ዩክ?” የሚለው አልበም ተቀዳ፦ ዩኩሌሌ፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ እና ሬድ ሚቸል ቤዝ ላይ።

ቤዙን ልብ በሉ፣ የእኔ የ“ጂ ሰርቲን” ጥያቄ መልስ እዚያ ነው ያለው።

ኮርድ ውስጥ እያንዳንዷ ድምፅ ሥራ አላት። ሦስተኛዋ ኮርዱ ብሩህ ይሁን የተከዘ ትለያለች። ሰባተኛዋ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ ትናገራለች። ዘጠነኛዋና አሥራ ሦስተኛዋ ቀለም ይሰጣሉ። አምስተኛዋ አብዛኛውን ጊዜ ብትኖርም ባትኖርም ብዙ አይታወቅም። የመጀመሪያዋ፣ ሙዚቀኞች ሩት የሚሏት፣ መሬቷ ናት፤ ያለ እሷ ሌሎቹ የት እንደቆሙ አይታወቅም። ግን ቤዝ ተጫዋች ካለ መሬቱን እሱ ይይዘዋል። አንተ ደግመህ ብትመታው ካለህ አራት ክር አንዱን በተነገረ ወሬ ላይ አባከንከው ማለት ነው። በተለይ ዩኩሌሌ ላይ፤ ምክንያቱም የላይኛው የጂ ክር እንደ ጊታር ወፍራም አይደለም፣ ቀጭን ነው፣ ከሲና ከኢ በላይ ነው የሚጮኸው። ዝቅተኛ ድምፅ ይኑረኝ ብትልም የለህም። ስለዚህ ሪትዝና ከእሱ በኋላ የመጡት መሬቱን ትተው ሦስተኛዋን፣ ሰባተኛዋንና ቀለሙን ያዙ።

ዩኩሌሌ ያላችሁ አሁኑኑ ሞክሩት። ጃዝ ውስጥ በጣም የተለመደው ጉዞ የሦስት ኮርድ ጉዞ ነው፦ ዲ ማይነር ናይን፣ ጂ ሰርቲን፣ ከዚያ ቤት መግባት፣ ሲ።

አንደኛ፦ የጂን ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ ተጫኑ፣ የሲንም ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ፤ ኢና ኤን ባዶ ተዉ። ሲ፣ ኤፍ፣ ኢ፣ ኤ ይሰማል። ይኼ ዲ የሌለበት ዲ ማይነር ናይን ነው።

ሁለተኛ፦ የጂ ክር ላይ ያለችውን ጣት ብቻ አንድ ፍሬት ወደ ኋላ መልሱ፣ አራተኛው ላይ። ሌላው አይነካም። ሲ የነበረችው ቢ ሆነች። ቢ፣ ኤፍ፣ ኢ፣ ኤ፤ ጂ የሌለበት፣ ዲም የሌለበት ጂ ሰርቲን። ያ ሳምንቱን ሙሉ ያሰቃየኝ የስድስት ድምፅ ኮርድ ይኼ ነው፤ ሁለት ጣት።

ሦስተኛ፦ ሁለቱንም ጣት ልቀቁ። ባዶ ክር። ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ፤ ሲ ሲክስ። ቤት ገባችሁ።

አለቀ። አንድ ጣት በአንድ ፍሬት ተንቀሳቀሰች፣ ከዚያ ሁሉም ተለቀቀ። መጀመሪያ ሲሠራልኝ ብቻዬን ክፍል ውስጥ ሳቅሁ። በኮድ ሥራ ሁለት ገጽ የጻፍከውን ሰው በሦስት መስመር ሲያሳይህ የሚመጣው ዓይነት ሳቅ ነው፤ ትንሽ ያሳፍራል፣ ግን ደስ ይላል።

አንድ ነገር ግን አለ። ብቻችሁን ብትመቱት የመጀመሪያው ኮርድ ዲ ማይነር አይመስልም፤ ጆሮ ኤፍ ሜጀር ሴቨን ነው ብሎ ይወስደዋል። ድምፆቹ እኮ አንድ ናቸው። ዲ የሚያደርገው ከሥር ዲን የሚመታ ሰው ነው። ባዶዎቹን አራት ክሮች ውሰዱ፦ ከሥራቸው ቤዝ ሲን ቢመታ ሲ ሲክስ ናቸው፣ ኤን ቢመታ ኤ ማይነር ሴቨን፣ ኤፍን ቢመታ ኤፍ ሜጀር ናይን። እጃችሁ ምንም አልተንቀሳቀሰም። “ዋና” የሚለው ጽሑፍ ወንዝ ዳር ስታነቡት መዋኘት ነው፣ ቢሮ ስታነቡት ዋና ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ፊደሉ አልተለወጠም፣ የቆመበት ቦታ እንጂ። የዩኩሌሌ የጃዝ ኮርድም እንደዚያ ነው። ትርጉሙን ሌላ ሰው ያሟላለታል። ያ ሌላ ሰው ከሌለ፣ አድማጩ ዜማውን አስታውሶ በራሱ ጆሮ ይሞላዋል።

ወደ ሪትዝ እንመለስ፤ እኔን የያዘኝ ቀሪው ነውና። አልበሙ በዋናው አሜሪካ ብዙም ሰው አላገኘም። ሁለተኛውም “ፊፍቲዝ ስቴት ጃዝ” ወጣ፤ ሃዋይ በ1959 50ኛ ግዛት ሆና ነበርና ርዕሱ ከዚያ ነው። እሱም አልተሳካም። ሪትዝ ዩኩሌሌውን ወደ ጎን አድርጎ በምን ኑሮውን ገፋ? በቤዝ። በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች ውስጥ ለሰው ዘፈን የሚቀጥሩት ቤዝ ተጫዋች ሆነ። በኋላ “ሬኪንግ ክሩ” ተብለው ከታወቁት የስቱዲዮ ሙዚቀኞች አንዱ ነው። የቢች ቦይስ የ1966 አልበም “ፔት ሳውንድስ” ላይ ቤዝ ከተጫወቱት መካከል አለ። እነዚያ ሙዚቀኞች በዘመኑ የአልበም ሽፋን ላይ ስማቸው እምብዛም አይጻፍም ነበር። ሰው ዘፈኑን ያውቃል፣ ዘፋኙን ያውቃል፣ ከሥር መሬቱን የያዘውን አያውቅም።

ይኼን ሳነብ ቆም አልኩ። ሩትን ከኮርዱ አውጥቶ መጫወትን ያሳየ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ብዙ ዓመታት የሌሎችን ሩት ሲመታ ኖረ። እሱ ራሱ የተተወችዋ ድምፅ ሆነ።

በዚህ መሃል ሪትዝ የማያውቀው ነገር ሃዋይ ውስጥ እየተካሄደ ነበር። እነዚያ ያልተሸጡ ሁለት አልበሞች እዚያ ደርሰዋል፤ ወጣት ተጫዋቾች ሸክላውን እየመላለሱ ኮርዶቹን በጆሮ ይለቅሙ ነበር። ለእነሱ ሪትዝ ትልቅ ስም ነው። ከዓመታት በኋላ ሮይ ሳኩማ የተባለው የሃዋይ የዩኩሌሌ አስተማሪ ፈልጎ አገኘውና በየዓመቱ በሚያዘጋጀው የዩኩሌሌ ፌስቲቫል ላይ ጋበዘው። ዩኩሌሌውን ትቶ የቆየ ሰው፣ ዋይኪኪ ሲደርስ ሰው ሁሉ ኮርዶቹን እንደሚያውቃቸው አገኘ። በኋላ ሃዋይ ገብቶ ለዓመታት ኖረ፣ እንደገናም ቀዳ። ያረፈው በ2017 ነው።

አንዳንዴ ሳስበው፣ ፍርዱን ማን ነው የሰጠው? በአሜሪካ ገበያ ዓይን ሁለቱ አልበሞች ኪሳራ ነበሩ፣ መሣሪያውም መጫወቻ። መሣሪያው ከተወለደባቸው ደሴቶች ዓይን ግን፣ ከ1893 በኋላ ለቱሪስት መሸጫ ሲደረግ የኖረ ነገር ውስጥ ምን ያህል ሙዚቃ እንዳለ ያሳየ ሥራ ነበር። የሰሙትም ተማሩበት፤ ዛሬ ዩኩሌሌ ይዘው በዓለም ትልልቅ መድረኮች ላይ የሚቆሙት የሃዋይ ተጫዋቾች ከዚያ ትምህርት የወጡ ናቸው።

ባለፈው ወር ቤዝ ጊታር የሚጫወት ጓደኛዬን ቤት ጠራሁት። እሱም መጀመሪያ ዩኩሌሌዋን አይቶ ፈገግ አለ፤ ለምጄዋለሁ። ሦስቱን ኮርዶች ብቻዬን መታሁለት። “ጥሩ ነው፣ ግን የት ነህ?” አለኝ። ልክ ነው፣ የት እንዳለሁ አይታወቅም ነበር። ከዚያ ከሥሬ ዲን መታ። ያው ኮርድ፣ ያው ጣቶች፣ ግን ድንገት ክፍሉ ወለል ያገኘ መሰለኝ። አንዷን ጣት መለስኩ፣ እሱ ጂን መታ። ሁለቱን ጣቶች ስለቅ ሲን መታና ያዘው፤ የእኔ ክሮች ዝም ካሉ በኋላም የእሱ ትንሽ ቆየ።